ደቻቱን የቆሻሻ መጣያ ያደረግነው እኛው ነን

የድሬዳዋ ነዋሪዎች ሆይ፣ ይህን ተግሳጽ የምጽፈው ለእናንተ፣ ከእናንተም እንደ አንዱ ሆኜ ለምኖረው ለእኔ ጭምር ነው እንጂ ለከተማ አስተዳደሩ አይደለም። ለአስተዳደሩ የሚባለው ብዙ ጊዜ ተብሏል፤ ገና ወደፊትም ይባላል፤ ድርሻው ምን እንደሆነም ዝቅ ብዬ አነሣዋለሁ። አስቀድሞ ግን በከዚራና በመጋላ፣ በሳቢያንና በገንደ ቆሬ፣ በለገሃሬና በአዲስ ከተማ የምንኖር ሰዎች፣ የደቻቱን ወንዝ በየዕለቱ በእግርና በባጃጅ እየተሻገርን በገዛ እጃችን የምንሞላው፣ ክረምት ሲመጣ ግን «የተፈጥሮ አደጋ» እያልን የምናማርር እኛ፣ እርስ በርሳችን ልንነጋገረው የሚገባ ነገር አለ። ነገሩም ይህ ነው፦ ከደጃችን ያወጣነው ቆሻሻ ከከተማችን አልወጣም። የጎርፉ መንገድ ላይ አስቀምጠነው ጎርፉን እየጠበቅን ነው።

በየዓመቱ የምንሰማው ዜና አንድ ዓይነት ነው። ክረምቱ ሊገባ ሲል በወንዝ ዳርና በዝቅተኛ ቦታ የምትኖሩ ተጠንቀቁ ይባላል። ዝናቡ ሲጠነክር ጎርፍ ይህን ያህል ቤት ገባ፣ ይህን ያህል ሱቅ አበላሸ ይባላል። በማግሥቱ ወጣቶች አካፋና ዶማ ይዘው ጭቃ ሲጠርጉ እናያለን፤ እኛም ከንፈር መጥጠን፣ እግዜር ያውጣን፣ አላህ ይጠብቀን ብለን ወደ ሥራችን እንመለሳለን። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ በዚህ ሁሉ ወሬ መካከል አንድም ሰው ጎርፉ ተሸክሞት የመጣውን ነገር ማን እንዳሸከመው አለመጠየቁ ነው። በየሱቁ በር የተከመረው ፌስታል፣ የተቀደደ ማዳበሪያ፣ አሮጌ ጎማ፣ የሃይላንድ ፕላስቲክና የጫት ገረባ ከደንገጎ ተራራ የወረደ አይደለም። እዚሁ ከተማ ውስጥ የተገዛ፣ እዚሁ የተጣለ ነው።

ወንዙን እናውቀዋለን ብለን እናስባለን እንጂ በቅጡ አናውቀውም። ደቻቱ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ነጋዴው ሸራውን ዘርግቶ ይውልበታል፣ ከብትና ግመል ይነዱበታል፣ አሸዋ ቆፋሪውም የቀን እንጀራውን ያወጣበታል። ዓይናችን የሚያየው ውሃ ሳይሆን ሰፊ ባዶ ቦታ በመሆኑ ባለቤት የሌለው መሬት ይመስለናል። ነገር ግን ከተማችን ወደ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣ፣ በደቡብ በኩል የሚከቧት ተራሮች በአጭር ርቀት ውስጥ ከ2,000 ሜትር በላይ ይወጣሉ፤ በዚያ ሁሉ ገደላገደል ላይ የዘነበ ዝናብ ሌላ መሄጃ ስለሌለው በጥቂት ሸለቆዎች ተሰብስቦ፣ ድንጋይና አፈር ይዞ፣ ወደ እኛ ይወርዳል። ለዚህም ነው ድሬ ላይ አንዲት ጠብታ ሳትወርድ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ከዋክብት እየታዩ፣ ደቻቱ ሞልቶ ሊመጣ የሚችለው። በዓመት የምናገኘው ዝናብ ጥቂት ነው፤ ጥቂትነቱ ግን ያዘናጋናል እንጂ አያድነንም፣ ምክንያቱም ጎርፉን የሚያመጣው የእኛ ሰማይ ሳይሆን የተራራው ሰማይ ነው። ጊዜውም ክረምት ብቻ አይደለም፤ በሚያዝያም ይመጣል።

ከሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. አጥቢያ፣ ቅዳሜ ለእሑድ፣ የሆነውን የረሳ ካለ ላስታውሰው። ሰው በተኛበት ሌሊት ደቻቱ ከአልጋው ወጥቶ ከ250 በላይ ወገኖቻችንን ወሰደ፤ በሺዎች የሚቆጠሩትን ያለ ቤት አስቀረ። የሞተው ሰው የአንድ ሰፈር ወይም የአንድ ሃይማኖት ሰው አልነበረም። ኦሮሞውም፣ ሶማሌውም፣ አማራውም፣ ሐረሪውም፣ ጉራጌውም አንድ ላይ ሄደ፤ መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም በአንድ ሳምንት ውስጥ ሲቀብር ሰነበተ። ያን ጊዜ ያልነበራችሁ ወጣቶች ይህን ከወላጆቻችሁ ጠይቁ፤ ያን ጊዜ የነበራችሁ ደግሞ ለልጆቻችሁ ንገሩ። ከዚያ ወዲህ የወንዙ ዳር በብዙ ቦታ በድንጋይ ግንብ ተደግፏል፤ ብዙ ገንዘብና ድካምም ወጥቶበታል። ያም ሆኖ በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ጎርፍ ተመልሶ መጥቶ የሰው ሕይወት ቀጥፏል።

ግንቡ ግን በግንብነቱ ብቻ እንደማያድነን ማሰብ ይገባን ነበር። ግንብ የሚሠራው ወንዙ ይህን ያህል ስፋትና ይህን ያህል ጥልቀት አለው ተብሎ ተለክቶ ነው። ያን ጥልቀት በፍርስራሽ፣ በአፈርና በቆሻሻ ስንሞላው ግንቡ ባለበት ሆኖ ወንዙ ከፍ ይላል፤ ከፍ ያለው ወንዝ ደግሞ ግንቡን ለመሻገር የሚያስፈልገው ውሃ ያንሳል። ድሮ የጫማችንን ሶል ብቻ ያረጥብ የነበረው ዝናብ ዛሬ ሱቅ የሚገባበትን ምክንያት እዚህ ላይ ፈልጉት። በየመንገዱ ዳር ያለው ዲችም እንዲሁ ነው። የተቆፈረው የሰፈሩን ውሃ ሰብስቦ ወደ ወንዙ እንዲያደርስ ሆኖ ሳለ፣ አፉ ሲደፈን ውሃው ወደ ኋላ ተመልሶ ዝቅ ያለውን ቤት ይፈልጋል። ዝቅ ያለው ቤት ደግሞ ብዙውን ጊዜ የደሃው ቤት ነው።

በዓይኔ ያየሁትን ልናገር። በቀፊራ ገበያ አቅራቢያ ጠዋት ሱቆች ሲከፈቱ ቆም ብሎ ያስተዋለ ሰው የሚያየው ይህ ነው፦ ባለሱቁ ደጁን ውሃ ይረጫል፣ መጥረጊያውን ያነሣል፣ ከበሩ ጀምሮ እስከ መንገዱ ጠርዝ በጥንቃቄ ይጠርጋል፤ አቧራውን፣ የካርቶን ቁራጩን፣ የፌስታል ጥቅሉን ሁሉ ሰብስቦ ዲቹ አጠገብ ሲደርስ ግራና ቀኝ ሳያይ ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ከዚያ መጥረጊያውን መሬት ላይ መታ መታ አድርጎ ይመለሳል። ደጁ በእውነት ንጹሕ ነው፤ ጽዳት የሚወድ ሰው መሆኑን ማንም ይመሰክርለታል። ጎረቤቱም ያንኑ ያደርጋል፤ ከጎረቤቱ ቀጥሎ ያለውም እንዲሁ። ከረፋዱ አራት ሰዓት በፊት አንድ ሙሉ መንገድ የጠረገውን ሁሉ አንድ ቱቦ ውጦታል። ከዚያ ሐምሌ ይመጣል፤ ዕቃው የሚረጥበውም የዚያው ባለሱቅ ዕቃ ነው።

ሌላም አለ። ማምሻ ላይ የአህያ ጋሪ የሚነዳ ልጅ ከበር በር እየዞረ ቆሻሻ ይወስዳል። አንዲት እናት ሁለት ማዳበሪያ አስጭናው ገንዘቡን ስትሰጠው ሰማሁ። ልጁ «የት ልጣለው እማማ?» አላት፤ እሷም «ወዲያ ነዋ፣ እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ!» አለችው። ልጁ አህያውን አዙሮ ቀጥታ ወደ ወንዙ ወረደ፤ ማዳበሪያዎቹን ከግንቡ በላይ አፋቸውን ፈቶ ገለበጣቸውና ባዶ ጆንያዎቹን አጣጥፎ ጋሪው ላይ አኖራቸው። በአጠገቡ የሚያልፉ ሁለት ሰዎች ልጁን «አንተ ባለጌ!» ብለው ሲሰድቡት ደረስኩ። ወገኖቼ፣ ባለጌው ልጁ አይደለም። ልጁ የተላከበትን አደረሰ። የከፈለው፣ የጫነው፣ የት እንደሚደርስ ላለማወቅ ፊቱን ያዞረው ባለቤቱ ነው። ጋሪ ነጂውን እየገሠጽን፣ ሰዎችን በሥራ አሠማርተን እጃችንን ንጹሕ አድርገን መቆማችን ይብቃ። ለጋሪ ነጂው የሚከፈለው ገንዘብ ቆሻሻው በትክክለኛው ገንዳ ለመግባቱ ዋጋ መሆን አለበት፤ ልጁም ሲመለስ የት እንዳደረሰው ሊጠየቅ ይገባል።

ስለ ጫቱ ዝም ብዬ ባልፍ ነገሩን ሸፋፍኜ ማለፍ ይሆንብኛል። ከሰዓት በኋላ በየበረንዳውና በየመቃሚያ ቤቱ የሚከመረው ገረባ ከከተማችን ቆሻሻ ትልቅ ድርሻ እንዳለው ማንም በዓይኑ ይፈርዳል። መቃም ይቅር አትቃሙ የሚለው የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም። ጉዳዬ ግን ይህ ነው፦ ገረባ ፍየልና በግ የሚመገቡት፣ ቢበሰብስም አፈር የሚሆን ነገር ነው፤ በራሱ ብርቱ ጠላት አልነበረም። ጠላት የሚያደርገው ከፌስታሉ ጋር ተጠቅልሎ፣ ታስሮ፣ መጣሉ ነው። የታሰረ ፌስታል ውስጥ ያለ ገረባ አይበሰብስም፣ ፍየልም አይበላውም፤ በላሁ ብትል ፌስታሉን አብራ ውጣ ትታመማለች፤ ቱቦው አፍ ላይ ሲደርስ ደግሞ ጥሩ ውታፍ ነው። ገረባውን ለብቻ በጆንያ መሰብሰብ ለመቃሚያ ቤት ባለቤት የሚከብድ ሥራ አይደለም። ቤቱ ደጃፍ ላይ አንድ ጆንያ ማንጠልጠልና ለከብት አርቢው መስጠት ብቻ ነው።

ፌስታሉን በሚመለከትም ሕግ የለም እንዳትሉ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጠውን ስስ ፌስታል ከለከለ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል ሌላ አዋጅ አጸደቀ። በመካከሉ ያለፉት ዓመታት የሚያስተምሩን ሕግ ብቻውን ፌስታል ከእጅ እንደማያስጥል ነው። ገበያ ስትሄዱ ዘንቢል ያዙ፤ አያቶቻችን ቀፊራ ሲወርዱ ያደረጉት ይህን ነው። ሻጩ አንድ ኪሎ ቲማቲም በሁለት ፌስታል ደርቦ ሲሰጣችሁ አንዱን መልሱለት። ይህን ለመናገር ማንም ሹም ፈቃድ መስጠት የለበትም።

ወንዙ ውስጥ ስለሚነግዱና ዳሩ ላይ ስለሠሩ ሰዎች ስናገር ግን ሁላችንንም በአንድ ሚዛን አልመዝንም። ሸራ ዘርግታ ሽንኩርት የምትሸጥ እናት ሌላ ቦታ ተሰጥቷት እምቢ ብላ አይደለም እዚያ የተቀመጠችው፤ ዝናብ ሲመጣ ዕቃዋን ጥላ እንድትሮጥ ከመንገር የበለጠ ልገሥጻት አልደፍርም። ነገር ግን ጥሩ ቤት ያለው፣ ግቢ ያለው፣ መኪና ያለው ሰው ዓመት በዓመት አጥሩን አንድ ክንድ፣ ሁለት ክንድ ወደ ወንዙ ሲገፋ፣ የቤቱን ፍርስራሽ ከግንቡ ጀርባ ሲደፋ፣ ይህን የሚያደርገው ተቸግሮ አይደለም። ያን ሰው ጎረቤቶቹ ያውቁታል፤ ለሠርጉም ይሄዳሉ፣ ስለ አጥሩ ግን አይናገሩትም። ለምን እንደማይናገሩት ስጠይቅ የሚመለስልኝ «ተወው አቦ፣ ምን አገባን?» የሚል ነው። ይህ መልስ የድሬን ሰው ደግነት ያሳያል ተብሎ ይወደሳል፤ ሰው አለመንካት፣ አብሮ መኖር፣ ቀለል አድርጎ መተው በእርግጥ ከምንኮራባቸው ባሕሪያችን ናቸው። ወንዝ ሲጠብ ግን የሚጠበው ለሁላችን ነውና እዚህ ላይ መተው ደግነት መሆኑ ይቀራል። ጎርፉ አጥሩን ገፍቶ ሲመጣ የሚገባው አጥሩን ወደ ገፋው ሰው ቤት ብቻ አይደለም።

ቆሻሻውና ጎርፉ የክረምት ጣጣ ብቻ ቢሆኑ ኖሮ እንኳ በበቃን ነበር። በጎማና በቆርቆሮ ጣሳ፣ በተሰበረ ባልዲና በሃይላንድ ክዳን ውስጥ የሚጠራቀመው ትንሽ ንጹሕ ውሃ ሌላ በሽታ ይዞብን መጥቷል። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የደንጊ ትኩሳት በዚህች ከተማ ተቀሰቀሰ፤ በ2011 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ ቺኩንጉንያ ገብቶ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን አልጋ ላይ ጣለ፤ መገጣጠሚያው ተቆላልፎ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማሰር ያቃተው ሰው በየቤቱ ነበር። ሁለቱንም የምታመጣው ትንኝ አንድ ናት፤ በረግረግ ሳይሆን በየግቢያችን በተቀመጠ ዕቃ ውስጥ ትራባለች፤ የምትነድፈውም በቀን ነው። እንቁላሏን ከውሃው በላይ በዕቃው ግድግዳ ላይ ትለጥፈዋለች፤ ውሃው ቢደርቅም እንቁላሉ ለወራት ሳይሞት ቆይቶ እንደገና ውሃ ሲነካው ይፈለፈላል። ስለዚህ በርሜሉን መድፋት ብቻ አይበቃም፤ ውስጡን በብሩሽ መፈግፈግ ያስፈልጋል። ትንኟ ከእንቁላል ተነሥታ እስክትበር ሳምንት ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ስለሚፈጅባት በሳምንት አንድ ቀን ያደረገው ቤት ቀደማት ማለት ነው።

በዚህ ላይ በ2014 ዓ.ም. በበጋ ወራት፣ ዝናብ በሌለበት፣ ወባ በከተማችን ሲበረታ ብዙዎቻችን ግራ ገብቶን ነበር። ወባ የረግረግና የገጠር በሽታ እንደሆነ ነበር የምናውቀው። ተመራማሪዎች ምክንያቱን ሲፈልጉ ያገኙት አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባል፣ ከእስያ የመጣች፣ በከተማ ውስጥ በተጠራቀመ የቤት ውሃ የምትራባ የወባ ትንኝ ናት። ውሃ የምናጠራቅመው ወደን እንዳልሆነ አውቃለሁ። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር በርሜልና ሮቶ ሳይኖረው ሊኖር አይችልም፤ ውሃ በማጠራቀማችን የሚገሥጸን ሰው ችግራችንን አያውቅም። ክዳን ግን የሌለው በርሜል ብዙ ነው። ከሮቶው አናት ላይ ክዳኑ በነፋስ ከወደቀ ሁለት ዓመት የሆነው ቤት አውቃለሁ፤ የቤቱ ልጆችም ወባ ታመው ታክመዋል። በክዳን ፋንታ ተወጥሮ የታሰረ የድሮ ነጠላ እንኳ ያገለግል ነበር።

የምንጠጣውንም አስቡ። ድሬዳዋ የምትጠጣው ከምድር ውስጥ ነው፤ ዋናው የጉድጓዶች ቦታም ሳቢያን ነው። ከማንቆርቆሪያችን ሥር የሚቀመጠው ነጭ ቅርፊት ውሃው በኖራ ድንጋይ ውስጥ እያለፈ ለመምጣቱ ምስክር ነው። ያ ውሃ የሚሞላው ከተራራው ወርዶ በአሸዋው ውስጥ ከሚሰርገው ነው። በከተማው የከርሰ ምድር ውሃ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ናይትሬት የሚባለው ኬሚካል ከሚፈቀደው መጠን በላይ የሆነባቸው ጉድጓዶች እንዳሉ አሳይተዋል፤ ናይትሬቱ ደግሞ ከመጸዳጃ ጉድጓድና ከተጣለ ቆሻሻ የሚሰርግ ነው። ወንዙ ላይ የገለበጥነው ቆሻሻ ከፊሉ በጎርፍ ሲሄድ ከፊሉ ወደ ታች ይወርዳል፤ ወደ ታች የወረደውን ተመልሰን በቧንቧ እንቀዳዋለን።

አሁን የምትመልሱልኝን አውቃለሁ። ገንዳ የለም፣ ቢኖርም ሞልቶ ሳምንት ይቆያል፣ መኪናው አይመጣም ትላላችሁ። ይህ በብዙ ሰፈር እውነት ነው፤ አስተዳደሩ በዚህ ሊጠየቅ ይገባዋል፤ በጽሑፍም፣ በስብሰባም፣ ስማችንን ጠቅሰን እንጠይቀው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት ሰጥቶናል። ያው ሕገ መንግሥት ግን በአንቀጽ 92 አካባቢን የመንከባከብን ግዴታ ሲያስቀምጥ መንግሥትን ብቻ አልጠራም፤ መንግሥትንና ዜጎችን ጎን ለጎን አቁሞ ነው የጠራው። የመጀመሪያውን አንቀጽ እየጠቀሰ ሁለተኛውን የሚዘልል ሰው ሕጉን ግማሽ ነው ያነበበው። ከበር በር እየዞሩ ቆሻሻ ለሚሰበስቡት ወጣቶች የወር ክፍያ ሲጠየቅ «ነገ ኑ» እያለ የሚመልስ ቤት የገንዳ እጥረትን ለማንሣት አፉ ሊከብደው ይገባል። እነዚያ ልጆች በድሬ ሙቀት የሰው ቆሻሻ በጀርባቸው ተሸክመው የሚጠይቁት ገንዘብ በአንድ ከሰዓት በበረንዳ ላይ ከምናወጣው እጅግ ያነሰ ነው።

ሌሎች ደግሞ ጣታቸውን ወደ ላይ፣ ወደ ደንገጎና ወደ ቀርሳ ገበሬ ይቀስራሉ። ዛፉን የቆረጠው፣ ቁልቁለቱን ያረሰው እርሱ ነው ይላሉ። ተራራው መራቆቱ ጎርፉን እንደሚያበረታ እውነት ነው፤ እርከን መሥራትና ችግኝ መትከልም መቀጠል አለበት። ነገር ግን ያ እንጨትና ከሰል የት እንደሚሸጥ ጠይቁ። ጆንያው ተጭኖ የሚመጣው ወደ ድሬ ነው፤ ቡና የምናፈላበትም እርሱ ነው። በዚህ ምክንያት ገበሬውን ብቻ መክሰስ አይገባንም፤ ይልቁንም ከዚያ በኩል ሊደረግልን የሚችል አንድ ትልቅ ነገር ስላለ ወዳጅ ብናደርገው ይሻላል። ተራራው ላይ ዘመድ የሌለው የድሬ ሰው ጥቂት ነው። ላይ ሲዘንብ «እዚህ ጠንክሯል» ብሎ የሚደውል ዘመድ ሰፈርን ያድናል። ስልኩ ሲደወል ግን «ኧረ እዚህ ፀሐይ ነው» ብሎ መመለስ ይቅር። የተደወለለት ሰው ወዲያውኑ ወንዝ ዳር ያሉትን ይንገር፤ ልጆችን ከአሸዋው ያስወጣ፤ ባጃጁን ከወንዙ ውስጥ ያንሣ። ውሃው ያልመጣ እንደሆነ የጠፋው አንድ ሰዓት ብቻ ነው።

እድርና የእድር አቻ የሆነው አፎቻ ለዚህ ሥራ እንደሚበቁ አምናለሁ፤ ከማንም በላይ እንደሚበቁም እላለሁ። ሰው ሲሞት ድንኳን መትከል፣ ወንበር ማዘጋጀት፣ ቀሪውን መቅጣት የሚያውቅ ማኅበር፣ አባሉ ቆሻሻውን የት እንደሚጥል ለመጠየቅ ሥልጣን አያንሰውም። በ1998 ዓ.ም. ሌሊት የሞቱትን ያነሡትና የቀበሩት እነዚህ ማኅበራት ነበሩ። ስለዚህ ሰው ከመሞቱ በፊትም በመተዳደሪያ ደንባቸው ላይ አንድ አንቀጽ ቢጨምሩ፣ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ዲች ቆሻሻ የጣለ አባል እንደ ቀረ አባል ይቀጣ ቢሉ፣ ከማንኛውም የማስታወቂያ ሰሌዳ ይበልጥ ይሰማሉ። ኢማሞቻችንና ካህናቶቻችንም ከዓርብ ጸሎትና ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ ሁለት ደቂቃ ብቻ ይስጡት፤ በሁለቱም ሃይማኖት መንገድን ከሚጎዳ ነገር ማጽዳት መልካም ሥራ መሆኑን ከእኔ ይልቅ እነርሱ ያውቁታል። የዲች ጠረጋ ዘመቻም ከጎርፉ በኋላ ሳይሆን በፊት ይደረግ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚያሰኝ ዘመቻ ለፎቶ እንጂ ለቤታችን አልጠቀመም። ከዲች የወጣው ደለልም ዳሩ ላይ ተከምሮ እንዳይቀር፣ አንድ ዝናብ መልሶ ያስገባዋልና፣ መኪና አስቀድሞ ይዘጋጅ።

የሰፈራችን እድር የሚሰበሰበው በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ነው፤ የእናንተም ቀን አለው። ከመጪው ክረምት በፊት በሚደረገው ስብሰባ ሦስት ጥያቄ እንዲነሣ እጠይቃለሁ፦ በየመንገዳችን ያሉት ቱቦዎች መቼ ይጠረጋሉ፣ ማንስ ይቆጣጠራል? ለቆሻሻ ሰብሳቢ ልጆች ያልከፈለ ቤት የትኛው ነው? ከወንዙ ዳር ባሉ ቤቶች ውስጥ ያሉ ሽማግሌዎች፣ ነፍሰ ጡሮችና ሕሙማን እነማን ናቸው፣ ሌሊት ውሃ ቢመጣ በራቸውን የሚያንኳኳውስ ማን ነው? ለሦስተኛው ጥያቄ መልስ ሳይሰጥ፣ የሰውና የስልክ ዝርዝር ሳይጻፍ፣ ስብሰባው እንዳይበተን።